ድምፁን የደበቀው ኪቦርድ

ትናንት ክፍል ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ እስክሪብቶውን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርግ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዞሬ ገላምጬ ዝም አሰኘው ነበር። ትናንት ግን ዝም ብዬ ሰማሁት። የመምህሩ ድምፅ ከጆሮዬ ራቀና የዓሣ ቅርፊት ሸተተኝ። ታቦር ተራራ ሥር ያለው ግቢያችን፣ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ፣ የአክስቴ በር ስንጥቅ፣ ሁሉም ፊቴ ድቅን አለ። ስሚኝማ፣ ላጫውትሽ። ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ሆኜ ሰላይ ነበርኩ!

ቀጣሪዬ እናቴ ነበረች። የምትሰለለው ደግሞ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ከቤይሩት የተመለሰችው አክስቴ።

አክስቴ ስትመጣ አንድ ረጅም ነገር በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ሲፈታ ኪቦርድ ሆነ። ቤተ ክርስቲያናችን ካለው ጋር ይመሳሰላል፤ ነጭ ቁልፍ፣ ጥቁር ቁልፍ። ከቁልፎቹ በላይ ግን የበቆሎ ፍሬ የሚያካክሉ ትናንሽ መጫኛዎች ተደርድረውበታል።

"ከየት አመጣሽው?" አለች እናቴ፣ ጣቷን እንኳ ሳታስጠጋ።

"ጌታዬ ናቸው የሰጡኝ፣ እትዬ። ሽማግሌው። ሲጫወቱ አጠገባቸው አቧራ እጠርግ ነበር፤ ቀስ በቀስ አስተማሩኝ።"

"እግዚአብሔር ይስጣቸው" አለች እናቴ። እኔን ግን ወደ ጓዳ ጎትታ፣ "ማነው እንዲህ ያለ ዕቃ ለሠራተኛ የሚሰጥ? እስኪ አንቺው ንገሪኝ" አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! ቢሆንም ፊቴን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማድጄ ራሴን ነቀነቅሁ።

እናቴ ኪቦርድ የሚባል ነገር የማትወደው አለምክንያት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ከመግዛቱ በፊት፣ በከበሮና በጭብጨባ ብቻ በሚዘመርበት ጊዜ፣ ዜማ አውጪዋ እሷ ነበረች። ከእናቷ የወረሰችውን የገጠር ዜማ በሲዳምኛ ስታወጣው ሰው ዓይኑን ይጨፍን ነበር ይላሉ። ኪቦርዱ ሲገባ ግን ተጫዋቹ ጎረምሳ አንዲት ቦታ ላይ ሁልጊዜ ያስቆማት ጀመር። "እትዬ፣ እዚህች ጋ ፎልስ ነው። ድምፅዎ ይወርዳል።" ከቅኝት ወጥተሻል ማለቱ ነው፤ ያውም በኳየሩ ሁሉ ፊት። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ አስቆማት። መጀመሪያ ወደ ኋላ ረድፍ አዛወሯት፤ ከዚያ ራሷ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የምታዜመው ዓሣ ስትፍቅ ብቻ ነበር፣ ማንም አይሰማኝም ብላ።

አሁን ወደ አጠራጣሪው ነገር ልምጣልሽ። የአክስቴ ኪቦርድ ድምፅ አልነበረውም። አክስቴ ትልቅ ሄድፎን ጆሮዋ ላይ ደፍታ በሯን ትዘጋለች፤ እኛ የምንሰማው የቁልፎቹን ቀጭ ቀጭ ብቻ።

"ተሸውዳ ነው፤ የተበላሸ ሰጥተዋት" አለች ጎረቤታችን በአጥር ላይ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ግን የሬዲዮ መገናኛ ነገር ቢሆንስ? ቀበሌ ሰምቷል?" ያን ጊዜ ሰው ያልገባውን ነገር ሁሉ ቀበሌ ይስማው አይስማው ብሎ ይጨነቅ ነበር።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ሂጂና እይ።"

በስንጥቁ አየሁ። አክስቴ ሄድፎኑን ከአንድ ጆሮዋ ገለል አድርጋ አንገቷን ወደ ጓዳው መስኮት አስግጋለች። ከዚያ በኩል የእናቴ እንጉርጉሮ ይመጣል። አክስቴ አንድ ቁልፍ ትነካለች፤ ቀጭ። አይሆንም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ከትናንሾቹ መጫኛዎች አንዷን ስትጫን ቀይ መብራት ትበራለች። እንደገና ቀጭ። እናቴ ዝም ስትል እሷም ታቆማለች።

ሮጬ ሄድኩ። "እማ፣ አንቺን ነው የምትሰማው!"

የእናቴ ቢላዋ ቆመ። ጉንጯ ላይ የተለጠፈች ቅርፊት ስታብለጨልጭ ትዝ ይለኛል። "አውቄያለሁ" አለች ቀስ ብላ። "የምስትባትን ቦታ ቀድታ ልትስቅብኝ ነው። ለኳየሩ ልታሰማብኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ በዝምታ ተፋቀ። ቤቱ ጭር አለ። አክስቴ ምሳ ላይ፣ "እትዬ፣ አሞዎት ነው?" ትላለች፤ እናቴ፣ "ምን ያመኛል" ትላለች፤ አባቴ ሾርባውን ብቻ ይመለከታል።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ትኩስ ቆሮሶ ዓሣ ይዞ መጣ። እናቴ መፋቅ ጀመረች፤ ሥራው እጇን ሲይዘው ረሳችው መሰለኝ፣ ዜማው አመለጣት። ወዲያው ከዚያኛው ክፍል፣ ቀጭ!

እናቴ ቢላዋዋን እንደያዘች ተነሳች። እኔ ተከተልኩ። በሩን በርግዳ ገባችና የሄድፎኑን ገመድ ከኪቦርዱ መንጭቃ ነቀለችው።

ያኔ ኪቦርዱ ጮኸ። አክስቴ ደንግጣ ጣቷን ከቁልፉ አላነሳችም፤ አንዲት ድምፅ ክፍሉን ሞላችው። እናቴ ወደ ኪቦርዱ ጠጋ አለች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"እርስዎ ነዎት፣ እትዬ። ያቺ ቦታ።" አክስቴ ቀይዋን መብራት አጠፋችና ቁልፉን ነካችው። "ይሄ የቤተ ክርስቲያኑ ጎረምሳ የሚጫወተው ነው።" አበራችውና ያንኑ ቁልፍ ደገመችው። ድምፁ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወረደ። "ይሄ የእርስዎ። ሽማግሌው በየዘፈናቸው ይሄን ነበር የሚጫወቱት። እዚያ አገር ማንም ፎልስ አይለውም።"

"ታዲያ ምን ያስደብቅሻል?"

"ብነግርዎት ኖሮ ያንጎራጉሩ ነበር?"

እናቴ ቢላዋውን አየችው፤ ለምን እንደያዘችው የጠፋት ትመስል ነበር። ከነቅርፊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ዜማውን ከመጀመሪያው አወጣችው። ያቺ ቦታ ስትደርስ ትከሻዋ ተሸማቀቀ፣ የሚያስቆማት ሰው እንዳለ ሁሉ። ማንም አላስቆማትም። ኪቦርዱ እዚያው ጠበቃት።

ኳየሩ በኋላ ነገሩን ሰምቶ፣ "የዓረብ ኪቦርድ አናስገባም" አለ። ትናደዳለች ስል እናቴ ሳቀች። አክስቴ ብዙ አልቆየችም፤ ወደ ቤይሩት ተመለሰች። ስትሄድ ብርድ ልብሱን ብቻ ወሰደች።

እናቴ እስከ ዛሬ ኪቦርድ መጫወት አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ እጇን በሎሚ ታጥባ ቀይዋን መብራት ታበራለች፤ በአንድ ጣት አንድ ቁልፍ ተጭና ትይዝና በላዩ ላይ ታዜማለች። እኔም በሩ ጋ ቆሜ እሰልላለሁ፣ አሁን ቀጣሪ ባይኖረኝም።

አንዳንዴ አክስቴ ትደውላለች። ከሰላምታም ከጤናም በፊት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው።

"እትዬ፣ መብራቷ በርታለች?"

"በርታለች፣ እህቴ" ትላለች እናቴ፤ ስልኩንም ቁልፎቹ ላይ ታስቀምጠዋለች።