ታንጉት ቀድማ ስትበር

አክስቴ ታንጉት ደባርቅ ውስጥ ለቱሪስት በቅሎ የምታከራይ ሴት ናት። ወንዶቹ አከራዮች ሲያዩዋት መንገድ ይለቁላታል፤ ስለምትማታ አይደለም፣ ምላሷ ስለሚበቃ ነው። «ሴት ልጅ ገደል አፋፍ ምን አላት?» ያላትን ሁሉ አፉን አስይዛዋለች። እንዲህ ያለች አክስት ስላለችኝ እኮራለሁ፣ ምን ይደበቃል!

ሚሊኒየሙ በገባ በዓመቱ ባሏ ጋሼ ገዱ ልባቸውን ታመሙና አዲስ አበባ እኔ ቤት ይዛቸው መጣች። ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን፤ ውጭ አገር ሄደው ካልታከሙ ዓመቱን አይዘልቁም። ዘመድ ተሯሩጦ ጉዞው ተሟላ። ጋሼ ገዱ ግን «አውሮፕላን? ሞቼ እገኛለሁ!» አሉ። «እግዜር ሰማዩን ለወፍ ነው የሰጠ። የተወለድኩበት ዳባት መልሱኝና ከአባቴ ጎን ቅበሩኝ።» ለመንናቸው፣ ሽማግሌ አስገባን፣ እኔማ አለቀስኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ፣ እውነት ነው!

ታንጉት ወደ ጓዳ ጠራችኝ። «እየሩስ፣ በቅሎ ገደል ፈርታ ስትቆም ትደበደባለች እንዴ? ሌላዋን ከፊቷ ታሳልፊያለሽ። ስታልፍ ካየች ትከተላለች። እኔ ቀድሜው ልውጣና ይየኝ።»

አንድ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ያለ የውሸት በረራ ትዝ አለኝ። ሳጥን የመሰለ ክፍል ነው፤ ወንበር ላይ ታስሮ ይቀመጡበታል፣ ፊት ለፊት ሰማይና ተራራ በፊልም ይታያል፣ ክፍሉም ከፊልሙ እኩል ይናጣል። ከመሬት ግን ስንዝር አይነሳም። ይህንኑ ለሁለቱም ነግሬ ወሰድኳቸው።

ጋሼ ገዱ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ታንጉት አማተበች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ አብረን ገባን። መጀመሪያ ደመና ላይ ወጣን። ደህና ነበር። ከዚያ አውሮፕላኑ ባፍጢሙ ወደ ገደል ተወረወረ። በስመ አብ! ዕድሜ ልኳን ገደል ለገደል የሄደችው ሴት ክንዴን ጨምድዳ «ኧረ በቅዱስ ሚካኤል፣ አውርዱኝ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ደግሞ «ገዱ ይሰማናል» አለችና ነጠላዋን ነከሰች። እስኪያልቅ ድረስ ትንፍሽ አላለችም።

ሲቆም ደግፌ አነሳኋት። በሩ ጋ ስንደርስ ግን ገፍትራኝ እልልታዋን እያቀለጠች ወጣች።

«ምንም የለው! አልጋ ላይ እንደ መተኛት ነው!»

ጋሼ ገዱ ዓይን ዓይኗን አዩዋት። «አልፈራሽም?»

«ገዱ ይሙት አልፈራሁም!»

ክው አልኩ። በታመመ ሰው ሞት፣ ያውም በሐሰት፣ ማን ይምላል? እሷም የተናገረችው ገና ያኔ የገባት ይመስል አፏን በእጇ ያዘች። እንባዋ በጣቶቿ መሐል ወረደ። ታንጉት ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ጋሼ ገዱ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር በስሜ በሐሰት ምለሽ አታውቂም» አሏት። «ከንፈርሽ አመድ መስሎ፣ እግርሽ እየተብረከረከ፣ እኔን ለማትረፍ በሞቴ ዋሸሽ። ይህን ያህል ነው የምትፈልጊኝ?»

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

በትራቸውን ተደግፈው ተነሱና እጃቸውን ዘረጉላት። «በይ እንግዲያ አውሮፕላኑ ላይ ቶሎ አሳፍሪኝ፣ መሐላሽ ሳይደርስብኝ።»