መገበሪያዋ ስንዴ

በዚያ መስከረም አባቴ ከዳባት ደውሎ «ስንዴው ጠቃጠቆ አውጥቷል፤ ነይና እይልኝ» ሲለኝ የስንዴ በሽታው ዋግ ነው ብዬ ፈራሁ። የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ዋግ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ትናንት አረንጓዴ የነበረ ማሳ እንደ ዛገ ብረት ይቀላል፤ ዛላው ቢቆምም ውስጡ ገለባ ነው። ለአባቴና ለእናቴ ደግሞ የዓመቱ ቀለብም ዘርም ከዚያው ማሳ ነው የሚወጣው።

በማግስቱ ከምሠራበት ከፀዳ ወጣሁ።

አብዛኛው ማሳ እኔ ለምኜም ተቆጥቼም ያስዘራሁት ምርጥ ዘር ነው፤ እሱ ንጹሕ ነበር። ጠቃጠቆ ያወጣው ዳር ላይ ያለው የአባቴ የድሮ ስንዴ ነው። ቅጠሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የደረቁ ነጥቦች ነበሩበት። የፈራሁት ዋግ መሰለኝ።

«ወደዚያኛው ሳይሻገር ዛሬውኑ ይታጨድ፤ ለከብት ይሁን» አልኩ።

አባቴ ማጭዱን አመጣ። ጥጉ ላይ ሲደርስ ግን የአንድ መደብ ያህል ቦታ አስቀርቶ ቀና አለ።

«እሷስ አባየ?»

«እሷ መገበሪያ ናት። ለቅዳሴው ኅብስት ተስያታለሁ፤ አልነካትም።»

አዋቂዋ እኔ ተቆጣሁ። እሱ ማጭዱን በሣር ጠርጎ ወደ ቤት ገባ።

በሁለተኛው ሳምንት ስመለስ ምርጥ ዘሩ ቀልቷል። በመሀሉ ሳልፍ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ቀይ ዱቄት ለበሰ። መገበሪያዋ ብቻ ከነጠቃጠቆዋ አረንጓዴ ናት። ቅጠሏን በጣቴ አሸሁ፤ ጣቴ ንጹሕ ወጣ።

ያኔ ገባኝ። ዋግ የሚበላው በሕይወት ያለ ቅጠል ብቻ ነው። የድሮው ስንዴ በሽታው የነካውን ቦታ ራሱ እየገደለ፣ ዋጉን በረሃብ እየጨረሰ ነበር። እነዚያ ነጥቦች የመዳኑ ምልክት ናቸው። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁም። ያን ቀን ግን ፍርሃት ይዞኝ ዱቄት መኖሩን ለማየት ጣቴን ማሳረፍ እንኳ ትዝ አላለኝም። ራሱን ሲያድን የነበረውን እህል በአባቴ እጅ አሳጨድኩት።

ኅዳር ላይ ከዚያ ሁሉ ማሳ ደህና እህል የተገኘው ከመገበሪያዋ ብቻ ነው፤ አንዲት ቁና። አባቴ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሲያያት «ትንሽ ለዘር ብናስቀርስ?» አልኩት።

«ምነው ልጄ? ያን ጊዜ ዋጉን አስፈርተሽ አሳጨድሽኝ። አሁን ደግሞ እግዜርን እንዳልፈራ ታደርጊኛለሽ?»

እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮኝ አያውቅም። ለመሄድ ነጠላውን ሊያመጣ ወደ ጓዳ ሲገባ ከቁናዋ አንድ እፍኝ ዘግኜ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩ። ጥቂት ፍሬ መሬት ላይ ተበተነ፤ እሱንም ለቀምኩት። አባቴ የጎደለውን ሳያውቅ ቁናዋን ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

ዘሩ አሁንም እኔ ጋ ነው። ስለቱን ሰርቄያለሁና ልነግረው እፈራለሁ፤ የቀረን የድሮ ስንዴ እሱ ብቻ ነውና ልጥለውም እፈራለሁ። ሰኔ ገብቷል፤ ትናንት አባቴ ደውሎ ምን እንዝራ ብሎ ጠየቀኝ።