ከድሬዳዋ ወዲያ ያልሄደው የጓሯችን ባቡር

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ጎመኔን ነቀለው። መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ስለነበር ተውኩት፤ ሥራ የፈታ ሰው እጁ ዝም ብሎ አይቀመጥለትም። ብዙም ሳይቆይ ግን ድንቹም ተነቀለ፣ በቦታው ቶንዲኖ ብረት ተዘረጋ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው ሀዲድ ነው አለኝ፣ ዓይን የሌለኝ ይመስል።

ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ነጂ ነበር። ሥራው ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ነው። ድሬዳዋ ሲደርስ ይወርዳል፣ ከዚያ እስከ ጅቡቲ ያለውን ሌላ ነጂ ይረከበዋል። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ አባቴ ደግሞ ደንብን ከጸሎት እኩል የሚያከብር ሰው ነበር። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከድሬዳዋ ወዲያ አንድ ክንድ እንኳ አልነዳም።

ታናሽ ወንድሜንም እስከ ድሬዳዋ ያደረሰው እሱ ነው። ልጁ በአብዮት ጠባቂዎች እየተፈለገ ነበር። ምን አድርጎ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በዚያን ጊዜ ለመፈለግ ብዙ ማድረግ አያስፈልግም ነበር። አባቴ የዕቃ ፉርጎ ውስጥ ደብቆ ወሰደው፣ ድሬዳዋ ላይ ባቡሩን ልጁ ውስጡ እንዳለ ለባልደረባው አስረከበና ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የወንድሜን ወሬ አልሰማንም። ጎረቤትም ቀበሌም ሲጠይቀን ሐረርጌ አክስታችን ዘንድ ነው እንል ነበር። አክስት የለንም። አባቴ ግን እቤት ውስጥም ቢሆን ስለ ልጁ አንድ ቃል አይወጣውም ነበር፣ እኔም አላነሣበትም።

ሀዲዱን ጠባብ ያደረገው አስቦበት ነው። የአገራችን ሀዲድ ራሱ ጠባብ ነው፣ ተራራ ላይ እንደልብ የሚጠማዘዘው ጠባቡ ነው ይል ነበር። የጉለሌ ግቢያችን ደግሞ ከላይ የወደቀ ድንች ታች አጥሩ ሥር የሚለቀምበት ነው። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች እየገዛ ቀጥ ቀጥ ያለውን መርጦ ከሀዲዱ ሥር አጋደመው፤ የተረፈውን ለማገዶ ሰጠኝ። መንኮራኩሮቹን ቀጨኔ ያለ ቶርኖ ቤት አስቀረጸ። ባለቶርኖው ለምን እንደሆኑ ሲሰማ፣ አባትሽ ደኅና ናቸው ወይ ብሎ እኔን ጠየቀኝ። የባቡሩ አካል የዘይት ቆርቆሮ ነው። ሞተሩ ከአንድ አሮጌ መኪና የተነቀለ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ስለሆነ ዶሮዎቻችን ይቀድሙት ነበር።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ጣቢያዎቹን ነው። በቆርቆሮ ላይ ስማቸውን በቀለም ጽፎ ተከላቸው። በራችን አዲስ አበባ ሆነ፣ የውሃ በርሜሉ አዋሽ፣ የዶሮው ቤት ድሬዳዋ፣ የታችኛው አጥር ጅቡቲ። ያቺን የመጨረሻዋን እንዲያነሣት ለመንኩት። ልጁ በዚያ በኩል እንደወጣ ቢጠረጥሩ አባቴን ራሱን እንደሚወስዱት አውቃለሁ፤ በዚያን ጊዜ የተወሰደ ሁሉ አይመለስም። ፈራሁ፣ ተናደድኩም። ሀዲዱ የሚያልቀው ጅቡቲ ነው አለኝ። ሌላ ስም ስጠው ስለው፣ የሌለ ጣቢያ አልተክልም አለ።

ባቡሩን ግን እዚያ አያደርሰውም። ዶሮው ቤት ጋ ያቆመዋል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ እየነዳ ይመልሰዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሀዲድ ዝገት እንዳይበላው በጨርቅ ይወለውለዋል እንጂ ነድቶበት አያውቅም።

ቀበሌው የጓሮ አትክልት ዘመቻ ሲያውጅ ሊቀመንበሩ አንድ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ጎመን ሊያይ መጣ። ጎመን አጣ። በሀዲዱ ዳር ቁልቁል እየወረደ ሰሌዳዎቹን ጮክ ብሎ አነበበ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ሁለቴ አነበበ።

«አባባ፣ ጅቡቲ ማነው የሚሄደው?»

«እኔ አላውቅም ጓድ ሊቀመንበር። እኔ እስከ ድሬዳዋ ነኝ።»

ይሄኔ እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ወንድሜ አክስታችን ዘንድ በጣም ተመችቶት እንደሚኖር ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ተመልሶ ባቡሩን እስቲ ያስነሡት አለው።

ባቡሩ ተነሣ። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን አንግቶ ዶሮዎቹን ከሀዲዱ ላይ እሽ ማለት ጀመረ። ሊቀመንበሩ ከባቡሩ እኩል ለመሄድ በየርምጃው ይቆም ነበር። ድሬዳዋ ላይ አባቴ አቆመው። ሊቀመንበሩ ይቀጥሉ አለው። አባቴ አልቀጠለም፤ ከዚህ ወዲያ የሌላ ነጂ ነው አለ። ሌላው ነጂ የታለ ሲባል የድሬዳዋን ሰሌዳ በእጁ አሳየ። ሰውዬው ፊቱ ተለወጠ። አሁን አለቀልን ብዬ አጥሩን ተደገፍኩ።

አባቴ የባቡሩን ማብሪያ ማጥፊያ ከነሽቦው በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋለት። «እንግዲያው እርስዎ ይረከቡኝ» አለው።

ሊቀመንበሩ ወደ አብዮት ጠባቂው አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ቆቡን አወለቀና ተረከበ። ምላሱን ነክሶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ባቡሩን ቁልቁል ነዳው። አባቴ አልተከተለውም። ዶሮው ቤት ጋ እንደቆመ ጫማውን ያይ ነበር። የዘይቱ ቆርቆሮ አጥሩን ቀስ ብሎ ገጨና ቆመ።

«ገባ?» አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል።

«ገብቷል አባባ። በሰላም ገብቷል» አለው ሊቀመንበሩ።

አባቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እናቴ ስትሞት እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም። ሊቀመንበሩ ደንግጦ ምን ሆኑ አለኝ። ሥራቸውን ይወዱት ስለነበር ነው አልኩት፤ እኔም እያለቀስኩ ስለነበር ይመነኝ አይመነኝ አላውቅም። ቆቡን አደረገ፣ ክረምት ሳይገባ ጎመን እንድተክል አስጠነቀቀኝ፣ ሄዱ።

ማታ ራት ቀርቦ አባቴ ጥቂት ከጎረሰ በኋላ እጁን ሰበሰበ። «ጅቡቲ እኮ ይሞቃል» አለ። «ያ ልጅ ደግሞ ሙቀት አይችልም።»

ይለምደዋል አልኩት።