በየሰዓቱ የሚከፈተው ክዳን

ንቢቱ መቀመጥ አታውቅም። በቤተ ሙከራው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብርጭቆ ስታጥብ ይህን ስም ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው። እያጠበች የተጣለ ወረቀት ታነብ ነበር፤ ያልገባትን ትጠይቃለች፤ ሲስቁባት አብራ ስቃ ደግማ ትጠይቃለች። እግዚአብሔር ይመስገንና ዘንድሮ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተሯ ከማጠቢያው ገንዳ አንስታ ለእሷ ብቻ የሚሆን የሙከራ ትሪ ሰጠቻት።

ሥራው እንዲህ ነው። ተልባ ይዘፈዘፋል፤ ልጋጉ ተጣርቶ ከቢጫ መድኃኒት ጋር ይቀላቀልና ማያያዣ ጨው ይጨመርበታል። ትሪ ላይ ፈስሶ፣ ተከድኖ ሲረጋ፣ የልጋጉ ክሮች ተያይዘው ዓይን የማያየው መረብ ይሆናሉ። ቁስል ላይ ሲለጠፍ ሥጋን ሳያስቆጣ መድኃኒቱን ለአሥራ ሁለት ሰዓት ጥቂት በጥቂት ይለቃል።

ግን ሦስት ትሪ ከሸፈ። ለመፈተሽ የተቆረጠው ቁራጭ ውሃ ውስጥ በገባ በአንድ ሰዓት መድኃኒቱ ሁሉ ወጥቶ ውሃው ቢጫ ሆነ።

«አራተኛውም እንዲህ ከሆነ ተልባውን እንተወዋለን» አለች ዶክተሯ። ያኔ ንቢቱም ወደ ገንዳዋ ነው።

ማታ የእናቷን እግር ስታስር እጇ አላርፍ አለ። የእናትየው ቁስል ፋሻ በቀን አራቴ ይፈታል፤ ሁልጊዜም ጥርሳቸውን ነክሰው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል?»

«ሁሉንም በልኩ አድርጌ ነበር፣ እማዬ። በየሰዓቱ ክዳኑን እየከፈትኩ፣ ትሪውን ዘንበል እያደረግኩ አይቼዋለሁ። ምን ጎደለው?»

እናትየው ሕመማቸውን ረስተው ሳቁ። «ወይ ጉድ! የዘራሽውን ባቄላ በየቀኑ እየቆፈርሽ ‹በቅሏል ወይ?› የምትዪ አልነበርሽም? አንድም አልበቀለልሽ!»

በማግስቱ ጠዋት አራተኛውን ትሪ አፈሰሰች፤ የክፍሉን በር ቆልፋ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠች።

«ጋሼ፣ እስከ ነገ ጠዋት እንዳይሰጡኝ።»

«ብትለምኚኝስ?»

«ብለምንዎትም።»

«ብታለቅሺስ?»

«መሀረብ ይስጡኝ።»

ቀትር ሳይደርስ ተመለሰች። «ጋሼ፣ መነጽሬን ውስጥ ረሳሁት።»

«አፍንጫሽ ላይ ያለው የማን ነው?»

ግቢውን ስትዞር ዋለች። ዳዊቷን አወጣች፤ አንዱን መዝሙር ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ጠፋባት። «አምላኬ፣ እጄን ያዝልኝ» ብላ ብቻ ዘጋችው።

ሲነጋ ቁልፉን ተቀብላ ከትሪው ቁራጭ ቆርጣ ውሃ ውስጥ ጨመረች። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ውሃው ንጹሕ። ሦስት ሰዓት አለፈ፤ እንደ ገለባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ። በስድስተኛው ሰዓት ዶክተሯ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ይዛ ብዙ አየችው፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ለአምስተኛው ተልባ ዘፍዝፊ» አለች።

ንቢቱ «ተመስገን» አለች። ገና ስድስት ሰዓት ይቀራል። ብርጭቆውን ልትነቀንቅ የዘረጋችውን እጇን መልሳ ተቀመጠችበት።