ሰሌዳው ከፍ ይበልልን

በደርግ ጊዜ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ መፈክር አይጠፋም ነበር። ደሴ ሰኞ ገበያ መገንጠያው ላይ፣ ከኮምቦልቻ የመጣ መኪና የሚታጠፍበት ጥግ፣ ቀበሌያችን የቤት ግድግዳ የሚያህል የቆርቆሮ ሰሌዳ ተከለ። «የሰፊው ሕዝብ ጥቅም ይቀድማል» ይላል፣ በቀይ ቀለም። ከጀርባው የሚመጣውን መኪና ሰፊው ሕዝብ አያየውም፤ ሾፌሩም ሰፊውን ሕዝብ አያየውም።

አክስቴን የገጫት ካሚዮን ብቅ ያለው ከዚያ ነው። ከለቅሶ ስንወጣ ሰሌዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ጠበቀን። የቀረችኝ እናቴ ደግሞ ጆሮዋ ደክሟል፤ ጡሩንባ አትሰማም። በየሰኞው በርበሬዋን ተሸክማ እዚያው ትሻገራለች። «ተይ፣ እኔ ልሽጥልሽ» ብላት፣ «አንቺማ ገዢ ትሰድቢያለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ዘንድ ሄጄ «ሰሌዳው ይነሳልን» አልኩ።

«መፈክር ይነሳ?» ብሎ ዙሪያውን ገላመጠ። «አንቺም አላልሽ፣ እኔም አልሰማሁ።»

ደግ ሰው ነበር፤ ማሰር ሲችል አላሰረኝም። እኔ ግን በግኜ ወጣሁ። ሰኞ በመጣ ቁጥር እናቴ እስክትመለስ ነፍሴ አትመለስም።

ጭንቀቴን ያዩ አንድ ዱዓ አድራጊ ጎረቤታችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሱ። «ልጆቼ፣ ይህን የመሰለ ቃል የአህያ ጭነት እየታከከው ይኑር? ወላሂ ነውር ነው!» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። «ከፍ ይበል!»

እስላሙ «አሚን!»፣ ክርስቲያኑ «አሜን!» አለ።

«ከጣራ በላይ ይዋል!»

«አሚን! አሜን!»

የወሎ ሰው ምርቃት ሰምቶ እጁን አይሰበስብም። ሊቀመንበሩም እጁን ዘርግቶ አሚን ካለ በኋላ ነው የባነነው። የተመረቀ ነገር ማን ይመልሳል? ሰሌዳው በረጃጅም ብረት ላይ ወጣ። ሊቀመንበሩም ሐሳቡ የራሱ እንደነበር ንግግር አደረገ፤ እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብንለት። አንገቱን አቅንቶ የሚያነበው ሰው አልተገኘም እንጂ፣ በሥሩ መንገዱ ወለል ብሎ ይታይ ነበር።

በቀጣዩ ሰኞ እናቴን ተከትዬ ወጣሁ። አንድ ካሚዮን ከሩቅ አይቷት ቆመላት። ተሻግራ በርበሬዋን አወረደችና ወደ ላይ አንጋጠጠች። ማንበብ አትችልም።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«እህቴ በሕይወት እያለች ከፍ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?» አለችና በርበሬዋን ተሸክማ ወደ ገበያው ገባች።