አባቴ ጣሪያውን ያለበሰው አፈር

ይህ የደረሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በመጣን በሁለተኛው ዓመት፣ እስራኤል አገር ቂርያት ጋት በምትባል ከተማ ውስጥ ነው። ዛሬም ፎቅ ስወጣ ወዴት እንደዞርኩ ቆም ብዬ ሳላይ በር አላንኳኳም።

የደረሰን ቤት አራተኛ ፎቅ፣ ልክ ከጣሪያው ሥር ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግድግዳው ራሱ ያቃጥላል። እናቴ ደም ብዛት ነበረባትና አንድ ቀን ሰሃን እያጠበች ወደቀች። ሐኪሙ “ከሙቀት አርቋት” አለን። ወዴት እናርቃት? ማራገቢያው የሚያመጣው ያንኑ ሙቀት ነው።

አባቴ ጎንደር ገበሬ ነበር። ጣሪያውን ወጥቶ አየና “የኛ ቤት እኮ ሣር ነበረው፤ ይኸ ምነው ራሱን ሳይሸፍን ፀሐይ ላይ ቆመ?” አለ። ከሚያጸዳበት ፋብሪካ የተጣለ ወፍራም ላስቲክ ለምኖ አመጣ። ከመኝታ ቤታችን በላይ ነው ያለውን ቦታ በእርምጃ ለክቶ ላስቲኩን አነጠፈ፤ በባልዲ አፈር እያመላለሰ አለበሰው። ጎመንና ቃሪያ ተከለበት። የውሃ መውረጃ ቦይ ሳይቀር አበጀ። እኔም ከኡልፓን፣ ከዕብራይስጥ ትምህርቱ፣ ስመለስ ባልዲ ተሸክሜአለሁ፤ ወገቤ አይረሳውም።

አንድ ወር አለፈ። ቃሪያው አበበ፤ ቤታችን ግን ያው እሳት ነው። እናቴ “አንተ ሰው፣ ከጎመንህ በፊት እኔ በሰልኩ” ትለዋለች። እሱ ውሃ ይጨምራል።

አንድ ጠዋት የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ መጣ። “ጣሪያው ያፈሳል፤ አፈሩ እስከ ነገ ይነሳ” አለ። ስተረጉምለት የአባቴ ዓይን እንባ አቀረረ።

“ለእናትሽ መድኃኒት ነው በይው” አለኝ።

በዚህ መሃል እዚያው ፎቅ ላይ ከኛ ፊት ለፊት የሚኖሩት ጎረቤታችን ዞሐራ በራቸውን ከፈቱ። ከሞሮኮ የመጡ ባልቴት ናቸው፤ “አናቴ ላይ የሚረግጠው ማነው?” እያሉ ደረጃው ላይ ሲቆጡ ሰንብተዋል። አለቀልን አልኩ።

እሳቸው ግን “ማንም እንዳይነካው! ቀን ቀን እንቅልፍ የወሰደኝ ዘንድሮ ገና ነው” ብለው ሁላችንንም አስገቡን። ወጥ ቤታቸው እንደኛው ያቃጥላል፤ መኝታ ቤታቸው ምንጭ ዳር ይመስላል።

አባቴ አንጋጦ አየ። ሮጦ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ደረጃው እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ አቅጣጫው ጠፍቶበት፣ ወር ሙሉ ያቀዘቀዘው የዞሐራን ቤት ኖሯል። በሕይወቱ ፎቅ ላይ ኖሮ የማያውቅ ሰው ምን ያድርግ!

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ዞሐራ ነገሩ ሲገባቸው “እንግዲያው እሷ ትምጣ” አሉና እጇን ይዘው አልጋቸው ላይ አስተኟት።

ሰብሳቢው እስከ ዝናብ ጊዜ ሰጠን። ዝናቡ መጣ፤ አንድ ጠብታ አልገባም። አባቴ በኋላ የኛንም በኩል አፈር አለበሰው። እናቴ ግን ከምሳ በኋላ ወደ ዞሐራ መሄዷን አልተወችም። ቋንቋ ለቋንቋ አይግባቡም፤ ምን እንደሚያወሩ እንጃ።

ዞሐራ ያረፉ ጊዜ ሰባቱን የሐዘን ቀን ከልጆቻቸው ጋር መሬት ላይ የተቀመጠችው እናቴ ነበረች። አሁን በጣሪያ ላይ አትክልት መትከል አዲስ ጥበብ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ይሁን። እኔን እስከ ዛሬ ደስ የሚለኝ አባቴ እርምጃውን መሳሳቱ ነው።