የእናቴን መቃብር ያሳየሁበት ቀን

ይሄ የሆነው አምና በመስቀል ሰሞን ነው። የአማርኛ መምህራችን አንዱን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ መጻፍ ስጀምር ምሳም ትዝ አይለኝ፤ ስንቱን ጻፍኩ መሰላችሁ! ይሄን ግን አራት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ዛሬ እጨርሰዋለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ እናቴ በሕይወት አለች።

የምንኖረው ከሐይቅ ከተማ በባጃጅ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እህት አለችኝ፤ የሺ ትባላለች። አላውቃትም ነበር። እኔ ገና ጡት ሳልጥል አባታችን ሞተ። የሺ ታመመች፤ ማሳከሚያም የለም። እናቴ ግሸን ማርያም ወጥታ "ልጄን አትርፊልኝ እንጂ የትም ትኑር" ብላ ተሳለች። በተመለሰች በሳምንቱ አንድ ሰውዬ መጣ። ፈረንጆች ወስደው ያሳክሟታል፣ ያስተምሯታል፣ ስታድግ ትመለሳለች አላት። እናቴ ማርያም የላከችው መሰላት። ሰጠች።

እኔ ያደግሁት "እህትሽ ተምራ ትመጣለች" እየተባልኩ ነው። እንግሊዝኛን የወደድኩት ለእሷ ብዬ ነው። ስትመጣ የምላትን ደብተሬ ላይ ጽፌ በቃሌ ይዤው ነበር።

እናቴ ተስፋ ያልቆረጠችው በማር ምክንያት ነው። በእኛ ዘንድ በድሮው ልማድ ልጅ ለሌላ ሰው ሲሰጥ፣ ተቀባዩ አውራ ጣቱን ማር ይቀባና ልጁ ይጠባዋል። ከዚያ በኋላ የጡት ልጁ ነው። ልጁ ሁለት ቤት ይኖረዋል እንጂ የመጀመሪያው ቤት አይዘጋበትም። ሁለቱ ቤተሰቦችም ዘመድ ይሆናሉ፤ በሰርግም በልቅሶም ይጠራራሉ። አዲስ አበባ የሺን ሲያስረክቧት እናቴ በትንሽ ጠርሙስ ማር ይዛ ሄዳ የፈረንጇን አውራ ጣት ቀብታ ልጅቷን አጠባቻት። ፈረንጇ አለቀሰች። እናቴም "ገብቷታል" ብላ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ "ዘንድሮ ለበዓል ያመጡልኛል" ስትል አሥራ አምስት ዓመት ሞላ።

ያን ቀን ጠዋት ነጭ መኪና ደጃችን ቆመ። ሹሩባ የተሠራች ወጣት ወረደች። ቁርጥ እናቴን! ከኋላዋ አንዲት ሸበቶ ፈረንጅ ተከተለቻት። እኔ ያጠናሁትን "እንኳን ደህና መጣሽ" በእንግሊዝኛ ስጀምር ሾፌሩ ሳቀ።

"ኧረ አንቺማ ተዋጥቶልሻል! በቃ አንቺው አስተርጉሚላቸው፣ እኔ ከተማ ወርጄ ዓሣ ልብላ" ብሎ ሄደ። በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝም።

እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች። ፈረንጇ ቀድማ አቀፈቻትና ወደ የሺ ዞራ "ይቺ ናት አክስትሽ" አለቻት።

ተሳስታ ነው ብዬ ላርማት አፌን ከመክፈቴ የሺ ወደ እኔ መጣች። አሁን ስሟ ግሬስ ነው። ከደሴ የተገዛ የላስቲክ አበባ ይዛለች።

"የእናቴ መቃብር የት ነው?" አለችኝ።

"ምን አለች?" አለች እናቴ።

"መቃብርሽ የት ነው እያለች ነው።"

እናቴ እጇን ቀስ ብላ አወረደች። "መቀመጫ ስጫቸው" አለችኝ።

ፈረንጇ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ። እናትና አባቷ ሞተዋል፣ ያስረከበቻት አክስቷ ናት ይላል። ከሥሩ የጣት አሻራ አለበት።

"ይሄ የማን ጣት ነው?" አልኳት እናቴን።

"የእኔ ነው። ሰውዬው እናት ያላትን አይወስዱም፣ አክስቷ ነኝ በይ፣ ለወረቀቱ ያህል ነው አለኝ። እኔ ምን አውቄ! ማሩን ካጠባኋት ወረቀት ምን ያደርጋል ብዬ።"

ይህን እየነገረችኝ ፈረንጇ ወሬዋን ጀምራለች። እኔ እተረጉማለሁ። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯት። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ስለ ወላጅ አልባ ልጆች ሲሰበክ ሰማች። እሷና ባሏ ሳይነጋገሩ ሁለቱም አንድ ነገር አሰቡ። ጾሙ፣ ጸለዩ። "ጌታ ሆይ፣ እናት የሌላት ልጅ ካለች እኔን እናቷ አድርገኝ" ብላ ለመነች። በሳምንቱ የየሺ ፎቶ መጣላቸው። ይህን ስታወራ እንባዋ ይወርዳል። ውሸት የለባትም፤ ያስታውቃል።

"መቼ ነው የጸለይሽው በያት" አለች እናቴ።

ጠየቅኳት። ወሩን ስትነግረኝ እናቴ ግሸን የወጣችበት ሰሞን ሆኖ ተገኘ። እናቴ የሺን አየቻት። ጥርሷን አየች፣ እጇን አየች። "ታማ ታውቃለች?" አለች። እዚያ ከታከመች ወዲህ ታማ አታውቅም፤ ነርስ ለመሆን እየተማረች ነው።

"ልንገራት?" አልኳት።

"ምን ብለሽ? እናትሽ ሞቻለሁ ብላ ፈርማ ሰጠችሽ ብለሽ?"

"አታለውሽ እኮ ነው!"

"በቁሜ ከምትጠላኝ ሞቼ ትውደደኝ። ይቺም ሴትዮ ለፈጣሪዋ ብላ ነው ያሳደገቻት፤ ምን ብዬ አፈርሳታለሁ? ተይ የኔ ልጅ።"

በዚህ መሃል ጎረቤታችን እትዬ ዘይነብ እልልታውን እያቀለጡት ገቡ። "ያረቢ! ጥሩዬ፣ ልጅሽ መጣችልሽ!"

"ምን እያሉ ነው?" አለች የሺ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ እያሉ ነው" አልኩ። በዚያች ሰዓት ነው የዋሸሁት። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር።

የሴት አያቴ መቃብር ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ነው። ድንጋይ ተከምሮበታል እንጂ ስም የለውም። "ይሄ ነው" ብዬ ያሳየሁት እኔ ነኝ። የሺ ተንበርክካ አበባውን አስቀመጠች። "ስለወለድሽኝ አመሰግናለሁ። አድጌያለሁ። አልተቀየምኩሽም" አለች ለድንጋዩ። እኔ በሹክሹክታ ለእናቴ ተረጎምኩላት። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደ ሐዘንተኛ ቆማ ነበር። ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ፈረንጇ አቀፈቻትና "እህቷን በጣም ትወዳት ነበር ማለት ነው" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

አብረውን የመጡት እትዬ ዘይነብ ነገሩ ሲገባቸው እናቴ ጆሮ ሥር ጠጋ ብለው "አንቺ ጉደኛ፣ በቁምሽ ልቅሶሽን አስደረስሽኝ!" አሏት። እሳቸውም ግን ያለቅሱ ነበር።

ሾፌሩ ሲመጣ የሺ እኔን ይዛ ወደ መኪናው ሄደች። "እንግሊዝኛሽ ግሩም ነው" አለችኝ። ቀጥላ "እህት ወንድም አለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"የለኝም። ብቻዬን ነኝ።"

"እንግዲህ እኔ አለሁልሽ። እንደ እህትሽ ቁጠሪኝ" ብላ ሳመችኝ፤ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ፤ ሄዱ።

አሁን ሳስበው የምናደድበት ሰው አጣለሁ። ሰውዬው ከአገር ጠፍቷል። በፈረንጇ መናደድ ፈልጌ አቃተኝ፤ እሷ የለመነችው እናት ለሌላት ልጅ ነበር። በእናቴ እናደዳለሁ፣ ሥራ ላይ ጎንበስ ብላ ሳያት ደግሞ ይበርድልኛል። በራሴ ግን አይበርድልኝም። መቃብሩን ያሳየሁት እናቴ አዛኝ ነው። "ብቻዬን ነኝ" ያልኩት ማንም ሳያዘኝ ነው። ጓደኞቼ "እናቴ ትሙት" ብለው ሲምሉ እንኳ ተነስቼ እሄዳለሁ።

የሺ በስልክ ትጽፍልኛለች። "ለአክስቴ ሰላም በይልኝ" ትላለች። እናቴም "ደህና ናት በያት" ትላለች። ባለፈው እሑድ ሁሉንም ነገር፣ ስለቱንም፣ ማሩንም፣ አሻራውንም በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ አንድ ስህተት አታገኙበትም። ከመላኬ በፊት ለእናቴ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው" አለችኝ። "አትላኪው ብቻ።"